እንግሊዙ ሾፌር

መልእክቱ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ስም፣ የመንገድ ስም፣ ሰዓት፣ የሰው ብዛት። በቃ። «እንደምን አደርክ» የለው፣ «ደህና ሁን» የለው። ደዋዩ የሚያወራው ከቤቱ ሆኖ አይደለም፤ ከእርሻው ዳር ከቆመች፣ የዘበኛ ቤት ከምታክል የእንጨት ጎጆ ውስጥ ነው። ጥር ላይ ከሆነ ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ ይሰማኛል። ስልክ ቤት ውስጥ ከገባ ሰው ሰው ቤት መሄድ ይተዋል ብለው ነው ውጪ ያስቀሩት። እኔም መልእክቱን ሰምቼ፣ ቡናዬን በፔርሙዝ ይዤ፣ ትልቁን ቫኔን አስነስቼ እወጣለሁ።

የአሚሾች፣ በፈረስ ጋሪ የሚጓዙ ክርስቲያኖች፣ ሾፌር ከሆንኩ ስድስት ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት እንደ ብዙዎቻችን ዲሲ ታክሲ እነዳ ነበር። ኡበር ገበያውን ሲያደርቀው፣ የሲልቨር ስፕሪንግ የቤት ኪራይም አልቀመስ ሲል፣ አንድ የአገሬ ልጅ «ፔንሲልቫኒያ ና፤ ላንካስተር መኪና የማይነዳ ሕዝብ አለልህ» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። አሚሽ መኪና አይገዛም፣ አይነዳም፤ በሌላ ሰው መኪና ከፍሎ መሳፈር ግን ይፈቀድለታል። ግንበኞቹን ጠዋት አድርሼ ማታ እመልሳለሁ፤ ነፍሰ ጡሯን ሐኪም ዘንድ፣ ሽማግሌውን ጥርስ ማስነቀያ፣ ቀብር ሲሆን ደግሞ እስከ ኦሃዮ። እሑድ ሥራ የለም፤ እሑድ መኪና አይከራዩም።

እኔን የሚጠሩኝ «እንግሊዝ» ብለው ነው። ከነሱ ወገን ያልሆነ ሁሉ እንግሊዝ ነው፤ ቻይናውም፣ ሜክሲኳዊውም፣ እኔም። አንድ ቀን አንዲት ሕፃን ከኋላ ወንበር ሆና እናቷን በቋንቋቸው የሆነ ነገር ጠየቀቻት። እናትየው እየሳቀች ተረጎመችልኝ፦ «ይሄ እንግሊዝ ለምንድነው እንግሊዝኛ የማይችለው?» የናዝሬት ልጅ ሆኜ ተወልጄ እንግሊዝ ሆኜ ቀረሁ።

የሚገርመው፣ አሜሪካ ከመጣሁ ጀምሮ ባይተዋርነት ያልተሰማኝ ቦታ ቢኖር ይሄ ነው። ጠዋት 340ኛው መንገድ ላይ ስወጣ የፈረስ ኮቴ አስፋልት ሲመታ እሰማለሁ። ፀሐይ የበላው አስፋልት ላይ የወደቀ የፈረስ ፋንድያ ሽታው ዓይኔን ጨፍኜ ናዝሬት ያደርሰኛል፤ ባጃጅ ከመምጣቱ በፊት፣ ከመናኸሪያ ሰፈራችን በጋሪ በምንገባበት ዘመን። ልዩነቱ የኛ ፈረሶች የጎን አጥንታቸው ይቆጠር ነበር። የነዚህ ብዙዎቹ ከጋሪ እሽቅድምድም ጡረታ የወጡ፣ ቆዳቸው የሚያብረቀርቅ፣ እኔ ከምከፍለው የመኪና ኢንሹራንስ የበለጠ እንክብካቤ የሚደረግላቸው ናቸው። በመንገዱ ላይ «ወፍ በእጅ» የሚል ስም ያላት ከተማ አለች፤ በእጅ ያለች አንዲት ወፍ ቁጥቋጦ ውስጥ ካሉ ሁለት ወፎች ትበልጣለች ከሚለው ተረታቸው የመጣ ነው። የኛ ሰው «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይላል። ባለፍኩ ቁጥር ይሄ ትዝ ይለኛል።

ስለ ፈረስ ልጽፍ ግን አይደለም የተነሣሁት። ልጄ ባለፈው ወር አሥራ ስድስት ዓመት ሞላት። በማግስቱ እሑድ ነበር፤ ለቅዳሴ ነጠላዋን ይዤ በሯ ላይ ስቆም ከአልጋዋ ሳትነሣ «አባዬ፣ እኔን እኮ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አለችኝ። ስለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ገብቶኛል።

አሥራ ስድስት ዓመት እዚህ ላንካስተር ውስጥ ቀላል ቁጥር አይደለም። ለዚያ ለመድረስ ግን ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ዙሪክ ነው፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1525 (ከዚህ በኋላ የማነሣው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ጥቂት ወጣቶች አንድ ቤት ተሰብስበው፣ ሕፃን ሳሉ የተጠመቁትን ጥምቀት ጥምቀት አይደለም ብለው፣ እንደገና እርስ በርስ ተጠማመቁ። ሕፃን አያምንም፣ ቃል አይገባም፤ ስለዚህ ጥምቀቱ ለአዋቂ ነው አሉ። ጠላቶቻቸው «ዳግም አጥማቂዎች» የሚል ስም አወጡላቸው። የከተማው ምክር ቤት ጨከነ። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የነበረው ፌሊክስ ማንዝ ሁለት ዓመት ሳይሞላው በጃንዋሪ 1527 እዚያው ዙሪክ መሐል በሚያልፈው ሊማት ወንዝ ውስጥ ታስሮ ሰጠመ። ውኃ ፈለጉ፣ ውኃ ሰጧቸው።

ለኔ ለኦርቶዶክሱ ጆሮ ይሄ ታሪክ ይጎረብጣል፤ አልዋሽም። «ኃጢአትን በምታስተሰርይ በአንዲት ጥምቀት እናምናለን» እያልኩ ነው ያደግኩት። እኛ አገር ዳግም ጥምቀት የሚባል ነገር ሲነሣ ትዝ የሚለን አልፎንሶ ሜንዴዝ ነው፤ በሱስንዮስ ዘመን የተጠመቀውን ሕዝብ እንደገና ላጥምቅ፣ የተቀባውን ታቦት እንደገና ልባርክ ብሎ አገር ያመሰው የሮም ፓትርያርክ። ደም እንደ ጎርፍ ፈሰሰና በ1632 «ሃይማኖት ይመለስ፣ ፋሲል ይንገሥ» ተባለ። አሁን ይሄን ልብ በሉ፦ በዚያው በ1632፣ ሆላንድ ውስጥ ዶርድሬክት በምትባል ከተማ፣ የነዚህ ዳግም አጥማቂዎች ልጆች የእምነታቸውን 18 አንቀጾች ጽፈው ፈረሙ። ዛሬ የላንካስተር አሚሽ ወጣት ከመጠመቁ በፊት የሚማረው እነዚያኑ 18 አንቀጾች ነው። እኛ አንድም ሰው ዳግም እንዳይጠመቅ በማልንበት ዓመት እነሱ ማንም ሕፃን እንዳይጠመቅ ማሉ።

ከዚያ በ1693 ያዕቆብ አማን የሚባል ሰው ተነሣ። ዋናው ጠቡ ስለ ማዕድ ነበር። ተጠምቆ የወጣ፣ የተወገዘ ሰው ከቁርባን ብቻ ሳይሆን ከቤት ማዕድም ይለይ ነው ያለው። ሌሎቹ በዛ አሉት። ተለያዩ፤ የሱ ወገኖች በስሙ አሚሽ ተባሉ፣ የቀሩት ሜኖናይት። በ1700ዎቹ መጀመሪያ ወደ ፔንሲልቫኒያ መሻገር ጀመሩ። አውሮፓ የቀረችው የመጨረሻዋ ማኅበራቸው በ1937 ከሜኖናይቶች ጋር ተቀላቅላ ጠፋች። እዚህ ግን ከመቶ ዓመት በፊት ጥቂት ሺህ የነበሩት ዛሬ ከ400 ሺህ በላይ ሆነዋል፤ አንድ ቤት ስድስት ሰባት ልጅ ይወልዳል።

ሜኖናይት የሚለውን ቃል ስትሰሙ ናዝሬት ያደጋችሁ ፈገግ እንደምትሉ አውቃለሁ። የኃይለማርያም ማሞ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ በሰፈራችን አጠራር «ሚሽኑ»፣ ከ1946 ጀምሮ ያቋቋሙትና ያስተዳደሩት እነሱ ናቸው፤ የድሬሰር ትምህርት ቤቱም የነሱ ነበር። የመጡት ከየት መሰላችሁ? ብዙዎቹ ከዚሁ ከላንካስተር፣ አሁን ወተት ከምገዛበት ሱቅ ጥቂት ማይል ርቆ ካለው ከሚሽናቸው ቢሮ ተልከው ነው። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የተወለደችው ከዚያ ሥራ ነው። ታላቅ እህቴ እዚያ ሆስፒታል ተወለደች። ሃያ ዓመት አልፎ፣ ደርግ በ1982 ቤተ ክርስቲያኑን ዘግቶ ሰዉ በየጓዳው ተደብቆ በሚጸልይበት ጊዜ፣ እህቴ ከነሱ ጋር ሆና ተገኘች። ተጠመቀች። ዳግመኛ።

ቤታችን ውስጥ ማንም አላወጀም፣ ማንም አልጮኸም። አንድ ቀን ብቻ ቡና ሲቀዳ አያቴ ለእህቴ ከረከቦቱ ስኒ አላነሣችላትም፤ ከጓዳ የጣሳ ኩባያ አምጥታ ቀዳችላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ኩባያ የሷ ሆነ። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ኩባያው ትልቅ ስለሆነ ብዙ ቡና አገኘች ብዬ ቀናሁባት።

ወደ አሥራ ስድስቱ ዓመት እንመለስ። ሾፌርነቱን በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ቤተሰብ ደንበኛዬ ሆነ፤ አባትየው ጣሪያ ሠሪ ነው፣ የበኩር ልጁ ያኔ አሥራ ስድስት ሊሞላው ነበር። ሲሞላው አባቱ ፈረስና ጋሪ ገዛለት። እንዲህ ነው ደንቡ፤ ከዚያን ቀን አንሥቶ እሑድ ማታ ከእኩዮቹ ጋር ነው የሚውለው፣ የሚያመሸው። ይሄ ዘመን በቋንቋቸው ሩምሽፕሪንጋ ይባላል፤ ወዲያ ወዲህ መሯሯጥ እንደማለት ነው።

ስለ ሩምሽፕሪንጋ ቴሌቪዥን ያየ ሰው የሚያስበውን አውቃለሁ፤ እኔም አስብ ነበር። ወላጆች በሩን ከፍተው «ሂድና ዓለምን ቅመስ» የሚሉበት፣ ልጁ ቆቡን ጥሎ ጂንስ ለብሶ የሚጠፋበት ዓመት። በ1998 ሁለት የላንካስተር አሚሽ ወጣቶች ከሞተር ብስክሌት ወሮበሎች ኮኬይን ገዝተው ለእኩዮቻቸው ሲሸጡ ተይዘው ነበር፤ ዓለም ሁሉ ጻፈው። ከዚያ ወዲህ ካሜራ ይዞ የሚመጣ ሁሉ የሚፈልገው የሰከረ አሚሽ ነው። የሚሰክርም አለ፤ ሰኞ ጠዋት ቫኔ ውስጥ ጭንቅላቱን መስኮት ላይ ደግፎ የሚያቃስት ጎረምሳ ጭኜ አውቃለሁ። አብዛኛው ግን እንዲህ ነው፦ የወጣት ቡድን ይመርጣሉ፤ ቡድኖቹ ስም አላቸው፣ አንዳንዱ ጨዋ ነው፣ አንዳንዱ ለየት ያለ። እሑድ ከሰዓት መረብ ኳስ ይጫወታሉ። ማታ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ወንዱ በአንድ ወገን፣ ሴቷ በሌላ ወገን ተቀምጠው ይዘምራሉ። ከዚያ ልጁ የወደዳትን በጋሪው ወደ ቤቷ ይሸኛል። ቴሌቪዥን ይሄን ቢያሳይ ማን ያያል? እኔ ግን ሳየው የጥምቀት ከተራ ትዝ አለኝ፤ ሎሚ የመወርወሪያው ጊዜ።

የዚያን ልጅ ጋሪ ብታዩት። ከውጪ ግራጫ ነው፣ እንደ ሁሉም የላንካስተር ጋሪ። መጋረጃውን ስትገልጡ ግን ሰማያዊ መብራት ጣሪያው ዙሪያ፣ ቀይ ምንጣፍ፣ ከመቀመጫው ሥር ስፒከር፣ ሁሉም በባትሪ። ባጃጁን በላባና በመስታወት የሚያሸበርቅ የሐዋሳ ልጅ ቢያየው ወንድሜ ብሎ ያቅፈዋል። «አባትህ አይቆጣም?» አልኩት። «አላየውም ይላል» አለኝ። ጋሪው የቆመው ከአባቱ መኝታ ቤት መስኮት ሥር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ገና ስላልተጠመቀ በቤተ ክርስቲያን ሕግ ሥር አይደለም። ኦርድኑንግ የሚሉት ሥርዓት አላቸው፤ የባርኔጣውን ጠርዝ ስፋት፣ የጋሪውን ቀለም፣ መብራቱን ሁሉ የሚወስን፣ አብዛኛው ያልተጻፈ ግን ሁሉም በቃሉ የሚያውቀው ሕግ። ያ ሕግ የሚይዘው ቃል የገባውን ብቻ ነው። ስለዚህ ወላጆች ከልጃቸው አሥራ ስድስት ዓመት ጀምሮ እያዩ አያዩም። እናትየው አንድ ጠዋት ገበያ ስወስዳት የነገረችኝ ይሄን ነው፦ ሌሊት ጋደም ትላለች እንጂ አትተኛም፤ የሚመጣው ፈረስ የልጇ መሆኑን ከኮቴው አካሄድ ታውቃለች፣ ያኔ ዓይኗ ይከደናል።

መጀመሪያ ላይ ይሄ ነገር አስደንቆኝ ለሚሰማኝ ሁሉ አወራ ነበር። እኛ በአርባና በሰማንያ ቀን ወስነን ጨረስን፤ እነዚህ ይጠይቃሉ፣ ይጠብቃሉ! ከአሥር ልጆች ስምንት ወይም ዘጠኙ ሄዶ ሄዶ ይጠመቃል። ተገዶ ሳይሆን መርጦ እያልኩ። ይሄ አድናቆቴ አንድ ነዳጅ ማደያ ላይ ተሰነጠቀ።

ልጁ አሥራ ሰባት ሆኖት ነበር። ከሥራ ስንመለስ አባቱ ውኃ ሊገዛ ወረደ። ይሄ ልጅ የጣሪያ እንጨት ማዕዘን ያለ ወረቀት በጭንቅላቱ የሚያሰላ ነው፤ አንድ ጊዜ የመኪናዬን የነዳጅ ፍጆታ በጋሎን ስንት ማይል እንደሚሄድ እኔ ስልኬን ሳላወጣ ነግሮኛል። አባቱ በሩን ዘግቶ እንደወረደ «ኮሌጅ ለመግባት ምንድነው የሚያስፈልገው?» አለኝ። ነገርኩት። መጀመሪያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወይም የሱን ፈተና፣ ቀጥሎ ማመልከቻ፣ ቀጥሎ ክፍያ፣ ቀጥሎ አራት ዓመት። በጣቱ ቆጠረ። አባቱ ውኃውን ይዞ ሲመለስ ጣቶቹን አጠፋቸው። ሁለተኛ አልጠየቀኝም።

አሚሽ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆማል። አንድ ክፍል ብቻ ያላት ትምህርት ቤት፣ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ አብረው፣ አስተማሪዋ ራሷ ስምንተኛ የጨረሰች ያላገባች ልጅ። ለዚህ መብት ታስረዋል፣ ተቀጥተዋል። በ1965 አዮዋ ውስጥ ባለሥልጣናት ልጆቹን በአውቶቡስ ጭነው ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ሊወስዱ ሲሉ ሕፃናቱ ወደ በቆሎ ማሳ ሲሮጡ የተነሣ ፎቶ አለ፤ አንዴ ያየው አይረሳውም። በ1968 ዊስኮንሲን ውስጥ ሦስት አባቶች ልጆቻቸውን ሁለተኛ ደረጃ አናስገባም በማለታቸው እያንዳንዳቸው 5 ዶላር ተቀጡ። አምስት ዶላር! ጉዳዩ ግን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በሜይ 1972 አሸነፉ። ከዳኞቹ አንዱ ዊሊያም ዳግላስ ብቻ በከፊል ተለየ። ወላጆቹን ሰማን፣ ልጆቹንስ ማን ጠየቀ ነው ያለው በአጭሩ። መብረር የሚፈልግ፣ ፒያኖ መጫወት የሚፈልግ ልጅ ቢኖርስ?

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። የጣቶቹን ነገር ግን አየሁ። በሩ በአሥራ ስድስት ይከፈታል፤ መንገዱ ግን በአሥራ አራት ተቆርጧል። ይሄን ለአባትየው ብነግረው ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። «ያንተ ልጅ ኮሌጅ ትገባለች፤ ማታ ከማን ጋር ነው የምትበላው?» ይለኛል። ደግሞ መልስ የለኝም።

ምክንያቱም ሌላም ነገር አለ፣ ቅናት የሚያሳድርብኝ። እነዚህ ሰዎች ሦስት ቋንቋ አላቸው። ቤት ውስጥ ፔንሲልቫኒያ ደች የሚባለውን የራሳቸውን ጀርመንኛ ያወራሉ፤ እንግሊዝኛን ትምህርት ቤት ሲገቡ ይማሩታል፤ መጽሐፍ ቅዱሱና መዝሙሩ ደግሞ በጥንቱ ጀርመንኛ ነው፣ ልክ እንደ ግዕዛችን። ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላቸው ነው እዚህ አገር፣ ሕፃኖቻቸው አሁንም አፋቸውን የሚፈቱት በአያቶቻቸው ቋንቋ ነው። የኔ ልጅ አማርኛ ትሰማለች፤ ስትመልስ በእንግሊዝኛ ነው። «አባዬ» እና «እሺ» ቀርተዋታል። ለአሥራ ስድስት ዓመት።

ልጁ አሥራ ዘጠኝ ሲሆነው፣ ባለፈው መስከረም፣ እንደሚጠመቅ ነግሮ ጠራኝ። በጋውን ሙሉ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ፣ ጉባኤው መዝሙር ሲጀምር እነሱ ከአገልጋዮቹ ጋር ወደ ላይኛው ክፍል ወጥተው ሁለት ሁለት አንቀጽ ሲማሩ ከርመዋል፤ 18ቱ በዘጠኝ ጊዜ ያልቃል። ዋዜማው ቅዳሜ ደግሞ ለመጨረሻ ጊዜ ይጠየቃሉ፦ አሁን መመለስ ትችላላችሁ፤ ቃል ገብቶ ከማፍረስ አለመግባት ይሻላል። ወንዶቹ አንድ ተጨማሪ ቃል ይገባሉ። ወደፊት ዕጣ ቢወጣባቸው አገልጋይ ለመሆን። ዕጣው እንደ ማትያስ ነው፤ ከመዝሙር መጻሕፍት አንዱ ውስጥ ወረቀት ይደረጋል፣ ያችን መጽሐፍ ያነሣ ሰው ሳይዘጋጅ፣ ሳይማር፣ ያለ ደመወዝ ዕድሜ ልኩን ሰባኪ ይሆናል። ቀጥዬ ጳጳስ ስል ቆብና መስቀል እንዳታስቡ፤ ጳጳሳቸው ሰኞ ላም የሚያልብ ሰው ነው።

በራሴ መኪና ሄድኩ፤ ራቅ አድርጌ አቆምኩ። ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ የላቸውም፤ በተራ በየቤቱ ነው፣ የዚያን ቀን አንድ ጎተራ ውስጥ ነበር። መደገፊያ የሌለው አግዳሚ፣ ወንድ በአንድ ወገን፣ ሴት በሌላ። መሣሪያ የለም፣ ዜማው መጽሐፉ ላይ አልተጻፈም፣ በቃል ነው የሚወራረሰው። ሎብሊድ የሚሉት መዝሙር አራት አንቀጽ ብቻ ነው፤ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። አንድ ፊደል ላይ እየተንከባለሉ ይቆያሉ። አጠገቤ የተቀመጠው ሌላ እንግዳ አሥሬ ሰዓቱን ያያል። እኔ ማሕሌት ቆሜ ያደርኩ ሰው ነኝ፤ ገና ሊጀመር መስሎኝ ነበር።

ስድስት ሆነው ተንበረከኩ። ጳጳሱ ሁለት እጁን አጣጥፎ ልጁ ራስ ላይ አደረገ፤ ዲያቆኑ ከኩባያ ሦስት ጊዜ አፈሰሰ፣ በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ። ውኃው በፀጉሩ ወርዶ በአፍንጫው ጫፍ ተንጠለጠለ፤ አልጠረገውም። ጳጳሱ እጁን ይዞ አስነሣውና ሳመው። ሴቶቹን የጳጳሱ ሚስት ሳመቻቸው። እናቱ ከሴቶቹ መሐል አንገቷን ደፍታ ነበር፤ ትከሻዋ ብቻ ይታየኝ ነበር።

በሳምንቱ ቅዳሜ ማታ ለእራት አያቱ ቤት ተጠራሁ። ከበር ላይ አንድ ፒክአፕ ቆሟል፣ የማላውቀው። የልጁ አጎት ነው፣ የአያትየው ሦስተኛ ልጅ። በሃያ ዓመቱ ተጠምቆ በሃያ ስድስት የወጣ። አሁን ሌላ ከተማ የኮንስትራክሽን ድርጅት አለው። ቤት ውስጥ ረጅሙ ጠረጴዛ ተዘርግቶ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ጠረጴዛ ተጠግታ፣ ሁለቱንም አንድ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ሸፍኗቸዋል። አንድ ገበታ ይመስላል። ቀረብ ብዬ ሳይ ግን ጨርቁ በመሐላቸው ወደ ውስጥ ሰርጓል፤ ክፍተት አለ፣ የእጅ መዳፍ የምታክል። አጎትየው ትንሿ ጋ ተቀመጠ።

እኔ የት እንደምቀመጥ ግራ ገብቶኝ ቆምኩ። ብቻውን ከሚሆን ብዬ ወደሱ ስሄድ ሳቀና «አንተ እዚያ ነህ» አለኝ በረጅሙ ጠረጴዛ እያመለከተ። «አንተ ቃል አልገባህም።»

ከሴራሊዮን ቢመጡ፣ ከናዝሬት ቢመጡ፣ ያልተጠመቀ ሁሉ ትልቁ ገበታ ላይ ቦታ አለው። ልጁ ራሱ ባይጠመቅና ጥሎ ቢሄድ ኖሮ እዚያው አጠገቤ ይቀመጥ ነበር፤ ያዝኑበታል እንጂ አይለዩትም። ሳምንት ቀድሞ መለየት የማይቻለው ልጅ ሳምንት ቆይቶ ይቻላል። የድንች ወጡ ሳህን ዞሮ አጎቱ ጋ ደረሰ። ቀድቶ ሲጨርስ ለእህቱ በእጇ አልሰጣትም፤ ጨርቁ ላይ አስቀመጠውና እጁን አነሣ። እሷም አነሣችው። ማንም ፊቱን አላጠቆረም፣ ወሬው አልተቋረጠም፤ ስለ በቆሎ ዋጋ ነበር። ልጁ ግን ሳህኑን አየ። ከዚያ በፊት ሺህ ጊዜ አይቶታል፤ አሁን ሕጉ የሱም ነው።

አያትየው አልተቀመጡም። ዳቦ ያመጣሉ፣ ውኃ ይሞላሉ፣ እንደገና ዳቦ። በልተው እንደሆነ ልጠይቅ ስል ምድጃው ጋ ቆመው ሳህናቸውን በእጃቸው ይዘው ሲጎርሱ አየኋቸው። አጎትየው ሲሸኘኝ ነገረኝ፤ እሱ ከወጣ ጀምሮ እሱ ባለበት እናቱ ቁጭ ብለው በልተው አያውቁም። የትኛውም ጠረጴዛ ላይ።

ያን ማታ ቤቴ ገብቼ ለእህቴ አዲስ አበባ ደወልኩላት። ሌሊት ነበር እዚያ፣ ደነገጠች። ስለ ጣሳ ኩባያው ጠየቅኳት። ረጅም ጊዜ ዝም አለችና «እማማ እኮ ቡናዋን እየጠጣች ሳለ የኔ ሲያልቅ የራሷን ስኒ ጣሳው ውስጥ ትገለብጥልኝ ነበር፤ ማንም በማያይበት» አለችኝ። ይሄን አላውቅም ነበር።

ልጁ ሰማያዊ መብራቱን ነቅሎ ለአንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ሸጠው። ዘንድሮ እሱ የሚወዳት አንዲት ልጅ ቤት በስተጀርባ ባለው የጓሮ አትክልት ቦታ ሰለሪ በዝቶ አይቻለሁ። ሰለሪ የሠርጋቸው ምግብ ነው፤ በወጥ መልክ ይበላል፣ በብርጭቆ እንደ አበባ ይደረደራል። እጮኝነቱ እስከ ጥቅምት ምስጢር ስለሆነ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በሐምሌ ሴት ልጅ ያለበትን ቤት ሰለሪ መቁጠር ነው ሥራው። እኔም ቆጠርኩ። አልናገርም።

ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ይዣት ወጣሁ፤ ቤት ብቻዋን ስልኳን ከምታይ ብዬ። የልጁን እናትና ታናሽ እህቱን ጨርቅ መሸጫ ሱቅ ማድረስ ነበረብኝ። እህትየው አሥራ ስድስት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷታል። ሁለቱ ከኋላ ወንበር ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ የኔዋ በተቀደደ ጂንስ፣ ያችኛዋ በነጭ ቆብ። አሥር ደቂቃ ፀጥታ። ከዚያ ስለ ውሻ አወሩ። ከዚያ ያችኛዋ ጠየቀቻት፦

«አንቺ መቼ ነው የምትጠመቂው?»

«እኔ ተጠምቄያለሁ» አለች ልጄ። «በሰማንያ ቀኔ።»

«በሰማንያ ቀን?»

«አዎ። ሕፃን ሆኜ።»

ልጅቷ ነገሩን አሰበችው። በነሱ ሕግ እያሰላች እንደሆነ ገብቶኛል።

«ታዲያ ብትወጪ» አለች፣ «ከማን ጋር ትበያለሽ?»

ልጄ ቀና ብላ በመስታወቱ አየችኝ። መንገዱ ላይ አንድ ጋሪ ቀድሞኝ ነበር፤ ፍሬን ያዝኩና ከኋላው ቀስ ብዬ መንዳት ጀመርኩ።